ከቁርጭምጭሚት በታች

እግሬ ከኔ ቀድሞ ነው ያደገው። ገና ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ባቴ ከእናቴ ባት በለጠ። ከወገቤ በላይ ያየኝ ሰው ምግብ የሚከለክሉኝ ይመስለዋል፤ ከወገቤ በታች ያየኝ ደግሞ የጎተራውን ገብስ ብቻዬን የምጨርስ። የሰፈራችን ሴቶች «ይቺ ልጅ የምትበላው ሁሉ ወደ ታች ነው የሚወርደው» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ካልሳቅሁ እንደሚብሱ ስለገባኝ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ፤ ግን ቁጣዬን ለማን ላሳይ? ለእግሬ?

እናቴ ግን አትስቅም። ማታ እግሬን ቅቤ ስትቀባኝ ባቴን በስንዝሯ ትለካው ነበር። የሷ ታላቅ እህት፣ እኔ እትዬ የምላት አክስቴ፣ እግሯ ልክ እንደኔ ነው። እትዬን ደግሞ አገሩ ሁሉ ዝሆኔ አለባት ይላል።

ዝሆኔ በመንዝ ምን ማለት እንደሆነ ላልኖረበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እግር የሚያሳብጥ በሽታ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የቤተሰብ ስም ይሆናል። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ዘር ይቆጠራል፤ ዘሩ ከተቆጠረ በኋላ ደግሞ እዚያ ቤት ቁምጥና አለ ወይ፣ ዝሆኔ አለ ወይ ተብሎ በጎን ይጠየቃል። አለ ከተባለ ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ይወጡና በዚያው ይቀራሉ። ለምን እንደቀሩ ማንም አይናገርም። ሁሉም ግን ያውቃል።

እትዬ በልጅነቷ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ነው እግሯ ማበጥ የጀመረው። ልጁ አልቆየላትም፤ እብጠቱ ግን ቀረ። የባሏ ቤተሰቦች ጥቂት ታግሰው ወደ አባቷ ቤት መለሷት። ከዚያ ወዲያ በአያቶቼ ግቢ ጥግ ባለች የድንጋይ ቤት ብቻዋን ኖረች። የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር። በሞላሌ ገበያ የሷን ያህል የቀጠነ ፈትል ስላልነበረ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚያሠሩ ሰዎች ከሩቅ ይመጡላታል። ፈትሉን ይወስዳሉ፤ ያቀረበችላቸውን ቆሎ ግን «ዛሬስ ጾመኛ ነኝ» ብለው ይተዉታል። በፋሲካ ማግስት ጾመኛ ነኝ ያላት ሰው አውቃለሁ።

ክረምት ከበጋ ጥቁር የወንድ ቦቲ ጫማ ነበር የምታደርገው። ከቦቲው ውስጥ ደግሞ እግሯን በጨርቅ ትጠቀልላለች። ባቷን ቀሚስ አይደብቀውም፤ ከቁርጭምጭሚቷ በታች ያለውን ግን እኔ እንኳ፣ እቅፏ ውስጥ ያደግሁት፣ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። እግሯን የምትታጠበው በሯን ዘግታ ነበር። እኛም ውስጡ የከፋ ነገር ስላለ ነው ብለን እንተዋታለን። ማን ጨክኖ ይጠይቃል?

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እኔ የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ ከሞላሌ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ውዬ ማታ እግሬ የሌላ ሰው ይመስል ይከብደኛል። ዴስክ ነካ ካደረገኝ ይበልዛል። የጎረቤት ሕፃን ጭኔ ላይ ሲቀመጥ እንባዬ ይመጣል፤ እናቱ ግን ልጇን የጠላሁ ይመስላታል። ጠበል ተጠምቄያለሁ፤ ነፍሴ ተረጋግታለች፣ እግሬ ግን እንዳለ ነው። አንድ ጤና ረዳት ኩላሊት ነው ብሎ ጨው አስተወኝና የሚያሸና ክኒን ሰጠኝ። ከክፍል ስወጣ ስገባ ሰነበትኩ እንጂ ባቴ ንቅንቅ አላለም። ተማሪዎቼ መምህርታችን ምን ሆና ነው እያሉ በመስኮት ይከታተሉኝ ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር የሆነ አንድ ሰው ነበር። ወላጆቹ በዘመሮ በኩል ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ገበሬዎች ናቸው። በየቀኑ እግሬን ያያል፤ አንድም ቀን ስለ እግሬ አላነሳም። ስብሰባ ሲረዝም ብቻ ወንበሩን ገፋ ያደርግልኛል። በዚህች ወንበር ነው የተሸነፍኩት። እሱም ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ዘር ተቆጠረ፣ ዝምድና የለም ተባለ። እናቴ ጠላውን ስትቀዳ ፊቷ ላይ የደስታና የፍርሃት መልክ ይፈራረቅ ነበር። በሁለተኛው ቀጠሮ የመጡት መልእክት ይዘው ነው። የልጁ እናት ስለ እትዬ ሰምተዋል። «ልጅቷን አልጠላናትም። ነገር ግን ዝሆኔ ከሆነ በዘራችን አናስገባም። ሐኪም ይያትና ያለውን በእውነት ይንገሩን» ብለዋል።

አባቴ ተቆጣ። ልጄ ለገበያ የወጣች በግ ናት ወይ እየዳበሱ የሚገዟት ብሎ ብድግ አለ። እኔም መጀመሪያ ደሜ ፈልቶ ነበር። ሌሊቱን ሳስበው ግን ንዴቴ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠላውን ጠጥቶ በዚያው ይቀር ነበር፤ እኔም ለምን እንደቀረ ሳላውቅ አረጅ ነበር። የልጁ እናት ግን ጠየቁ። እስከ ዛሬ ለዚያች ጥያቄያቸው አመሰግናቸዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት የሄድነው እናቴ፣ እትዬና እኔ ነን። እትዬ እንድትመጣ ያደረገች እናቴ ናት። «የሷን እግር ሳያይ ያንቺ ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?» አለችኝ። እትዬን ስንለምናት ፈትሏን እንኳ አላቆመችም። «እኔማ ያለቀልኝ ነኝ። ለልጄ ከጠቀመ እሄዳለሁ» አለች። ልጄ የምትለው እኔን ነው። በአውቶብሱ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ቦቲዋን ከመቀመጫው ስር ከትታ ነው የሄደችው።

ወረፋ የምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። የሳቸው እግር የእውነት ዝሆኔ ነው። አንዱ እግራቸው ከሌላው በጣም ይበልጣል፤ ጣቶቻቸው አብጠው ተጣብቀዋል፤ ቆዳው ሻክሮ ቅርፊት አውጥቷል። ሰዉ ሁሉ ወደ ሌላው ጫፍ ተጠጋግቶ እሳቸው አጠገብ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ቀርቷል። እትዬ ሄዳ እዚያ ተቀመጠች። ቦታዬ ነው ያለች ያህል ነበር።

ተራቸው ደርሶ ሲገቡ መጋረጃው በቅጡ ስለማይዘጋ ሁሉ ነገር ይታየን ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የአገራችን ብርድ ያልለመደው፣ ከጋዋኑ ስር ሹራብ የደራረበ። ተንበረከከና የሽማግሌውን እግር በሁለት እጁ ያዘ። በጣቶቻቸው መሃል ያለውን እየገለጠ አየ። «አባባ፣ በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ፣ ያድርቁት፣ ቅባት ይቀቡት፣ ጫማ ያድርጉ። ከዚህ እንዳይብስ ያደርገዋል» አላቸው።

«ልጆቼን እንዳይዛቸው ብዬ ለብቻዬ ነው የምበላው» አሉት።

«አይጋባም አባባ። ከልጆችዎ ጋር ይብሉ።»

እትዬ ይህን ስትሰማ አየኋት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

ከሳቸው ቀጥሎ ትንፋሽ የሚያጥራቸው አንዲት ሴት ገቡ። ሐኪሙ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ሲለቀው፣ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ሊጥ እንደተጫኑት ጎድጉዶ ቀረ። ከዚያ ደረታቸውን አዳመጠና ልባቸው እንደደከመ ነገራቸው።

እኛ ስንገባ እኔንም እንዲሁ ጫነኝ። ጮህኩ፤ ጩኸቴ እኔንም አሳፈረኝ።

«ይቅርታ፣ ያማል ማለት ነው» አለ። ጣቱን አንስቶ ጎንበስ ብሎ አየ። «ግን አልጎደጎደም። የቅድሟ እናት እግር ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ያንቺ ውሃ አይደለም።»

ከዚያ ብዙ ጠየቀኝ። መቼ ጀመረሽ? ሴት መሆን በጀመርኩ ሰሞን። አንዱ ከሌላው ይበልጣል? አይበልጥም፣ መንታ ናቸው። ጠዋት ስትነሺ ይጎድላል? ክብደቱ ቀለል ይላል እንጂ አይጎድልም። ሳትመቺ ይበልዛል? ይበልዛል። ምግብ ብትቀንሺስ? ሁዳዴን ሙሉ ጨው እንኳ ትቼ ደረቴ አጥንት ብቻ ሆነ፣ እግሬ ግን እንደ ሰባ በግ እንዳለ ነው ስለው ሳቀ። ከሁለተኛው የእግሬ ጣት ሥር ያለውን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ አነሳው። በቀላሉ ተነሳለት፤ ደስ አለው። ከዚያ ቁርጭምጭሚቴን በጣቱ ዞረው። እብጠቱ እዚያ ላይ ድንገት ነው የሚያቆመው፤ የሹራብ እጅጌ አንጓ ላይ እንደሚያልቅ። ከዚያ በታች እግሬ የማንም ሰው እግር ነው። በዚህ እግር ስሄድ ኖሬ፣ ይህ ቁም ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ከቤተሰብ እንዲህ ያለ እግር ያላት ሴት አለች?»

እናቴ ወደ እትዬ አየች። እትዬ በሩ ጥግ ቆማለች። ሐኪሙ «እማማ፣ እርስዎም ይቀመጡና ልይዎት» አላት። እምቢ ብላ የምትወጣ መሰለኝ። ግን መጥታ ተቀመጠችና ራሷ ጎንበስ ብላ ቦቲዋን ታወልቅ ጀመር። በኋላ ሳጫውታት «የሽማግሌውን እግር እንዲያ በእጁ ሲይዘው አይቼ፣ የኔን ቢያይ ምን ይሆናል አልኩ» ብላኛለች።

ጨርቁ ተፈታ። ከውስጡ የወጣው እግር ቀጭን ነበር። ንጹሕ፣ ጣቶቹ ረዘም ረዘም ያሉ፣ ፀሐይ ስላላየው የቀላ፣ የልጃገረድ እግር። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እህቷ ናት፤ እሷም አይታው አታውቅም።

ሐኪሙ ግራ ገባው። «እማማ፣ ይህ ደህና እግር ነው። ለምን ጠቀለሉት?»

«ሲወርድ ሰው እንዳያይብኝ ነው ልጄ።»

«ምኑ ሲወርድ?»

«ዝሆኔው ነዋ! ከጭኔ ጀመረ፣ ወደ ባቴ ወረደ። የቀረው እግሬ ነው። ሲነጋ ሲነጋ ገልጬ አየዋለሁ። እስከ ዛሬ አልወረደም።»

ሐኪሙ ጎትቶ ባመጣት በርጩማ ላይ ከፊቷ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገራት።

«እማማ፣ ዝሆኔ አይወርድም፤ ይወጣል። በዚህ ደጋ አገር ዝሆኔ የሚይዘው ሰው በባዶ እግሩ ከሚረግጠው አፈር ነው፤ ስለዚህ ከእግር ጣት ይጀምርና ወደ ላይ ይሄዳል። የእርስዎ ዝሆኔ ቢሆን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያብጠው ይኸው የደበቁት እግር ነበር። እርስዎ ዝሆኔ የለብዎትም። ኖሮብዎትም አያውቅ።»

እትዬ ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እግሯን እያየች «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስጠብቅ የኖርኩት ምንድነው?» አለች። እናቴ ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ በቁጣ ነው ያለቀስኩት። እግሯን ሰው ሁሉ ፈርዶበታል፣ የፈረደ ሁሉ ግን አላየውም። እሷም ጤነኛ ለመሆኗ ምስክሯ እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ ምስክር ጠቅልላ ደበቀችው።

ሐኪሙ ደግሞ የምንፈልገውን ብቻ ነግሮ የሚሰድ ሰው አልነበረም። ሕመሙ በውጭ አገር ሊፒዲማ እንደሚባል፣ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ ሲያየው የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረን። ስብ ነው፤ ግን በመብላት የመጣ ስብ ስላልሆነ በመጾም አይሄድም። የሚያድነው መድኃኒት የለም። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ባቴን በላስቲክ ፋሻ ብጠቀልል፣ መራመድ ባላቆም፣ ስቀመጥ እግሬን ከፍ ባደርግ ሕመሙን ያቀልልኛል። ሴቶችን ነው የሚይዘው፤ በዘር ይመጣል። እትዬም ይህን ጊዜ የእናቷ፣ የአያቴ፣ እግር እንደዚያ እንደነበር አስታወሰች። «ልጅ ብትወልጂ፣ ሴት ከሆነች፣ እሷም ሊኖርባት ይችላል» አለኝ።

በመብላት አይደለም ያለኝን ቃል ግን ይዤ ወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየማዕዱ ጉርሻዬን የቆጠሩብኝን ዓይኖች ሁሉ ያን ቀን ሐኪም ቤቱ ደጅ ላይ ጣልኳቸው። እትዬንና እናቴን ሻይ ቤት አስገብቼ ዳቦ አዘዝኩ፤ የራሴንም የእናቴንም በላሁ። ያን ወጣት ሐኪም ዳግመኛ አላገኘሁትም፤ ባለበት ሁሉ ጤና ይስጠው።

ቤት ስንመለስ ሌላ ጣጣ ተነሳ። ለልጁ ወላጆች ምን እንበል? እናቴ ዝሆኔ አይደለም ብለን እናብቃ አለች። «የዘሩን ነገር ምን አመጣው? ማን ጠየቀን?» አባቴም ከሷ ጋር ሆነ። እኔ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ያን ሰው እወደዋለሁ፤ በዘር ነው ከተባለ ነገሩ ያልቃል። ሳልናገር ብገባ ደግሞ ሴት ልጅ በወለድኩ ቁጥር እየሰረቅሁ እግሯን ሳይ ልኖር ነው። እትዬ ፈትሏን አስቀመጠች።

«ደብቄ ኖሬ ያተረፍኩትን አይታችኋል። እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች።

ሴት የራሷን ነገር ይዛ ሽማግሌ ሆና ስትሄድ ታይቶ አይታወቅም። አባቴ አይሆንም ቢል ሰሚ አላገኘም። በገበያ ቀን፣ ወደ ዘመሮ ከሚመለሱ ገበያተኞች ጋር፣ በጎረቤት በቅሎ ተጭና ሄደች። አብሬ ልሄድ አልችልም፤ ያልተዳረች ልጅ በጠያቂዎቿ ቤት ምን ትሠራለች? ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ያኔ ወላጆቹ ቤት የነበረው ያ መምህር፣ የዛሬው ባለቤቴ፣ ነው። ደጋግሜ ስለማስነግረው አሁን እኔም የነበርኩ ይመስለኛል።

በአገራችን መንገድ የመጣ እንግዳ እንደገባ እግሩ ይታጠባል። የቤቱ ታናሽ ውሃ አሙቃ በገበቴ ታቀርባለች፣ አጥባም ስታበቃ እግሩን ትስማለች። እትዬ በዚህ ምክንያት ነው ከባሏ ቤት ከመለሷት ወዲህ ሰው ቤት እንግዳ ሆና የማታውቀው፤ ለቅሶም ቢሆን ደርሳ በዚያው ቀን ትመለሳለች። ያን ቀን ግን ውሃው ሲቀርብ ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። የባለቤቴ ታናሽ እህት ባቷን ስታይ ደንግጣ ወደ እናቷ ዞረች።

አማቴ ከመደባቸው ተነሱ። ውሃውን ከልጅቷ እጅ ተቀበሉና ተንበረከኩ። በአገሩ የሚፈሩ፣ ለማንም የማያጎነብሱ ሴት ናቸው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠቡ። እትዬ ከላያቸው ሆና ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ትናገራለች፤ «ዝሆኔ አይደለም፣ ግን አይድንም፣ እናቴም ነበረባት፣ ልጅቷም አለባት።» አማቴ ቀና አላሉም። ቁርጭምጭሚቷ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ገታ አድርገው፣

«ከዚህ በላይ ያምሻል?» አሏት።

«ሲጫኑት ያመኛል።»

«እንግዲያው ቀስ እላለሁ» አሉና ባቷንም እስከ ጉልበቷ አጠቡላት።

እትዬ የመጨረሻውን ተናገረች። «አልደብቅዎትም፤ ሴት ልጅ ከወለደች፣ የሷም እግር እንዲሁ ሊሆን ይችላል።»

አማቴ በነጠላቸው ጫፍ እግሯን አደረቁት። ጎንበስ ብለው ሳሙት።

«ሴት ልጅ ከወለደች፣ እግሯን የማጥብላት እኔ ነኝ» አሉ።

እትዬ ያን ሌሊት እዚያው አደረች።